የኦቦ ኢተፋ እጅና የውሃው ብርጭቆ

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ዝናብ ባያባርረኝ ኖሮ ያን ጠዋት ሰበታ መንገድ ዳር ካለችው ክሊኒክ አልገባም ነበር። በረንዳው ላይ ጎረቤቴ ኦቦ ኢተፋ ነጭ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ሰላም ስላቸው አረቄ ሸተተኝ። በጠዋት የሚጠጡ ሰው አልነበሩምና ደነገጥኩ።

የኦቦ ኢተፋ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል። እንግዳ ልብስ ላይ ወጥ ካፈሰሱ ወዲህ ከሰው ጋር አይበሉም። የልጃቸው የደራርቱ ሠርግ ደግሞ ተቃርቧል፤ ከአማቾቹ ጋር የማይበላ አባት ዝምድናውን እንደናቀ ይቆጠራል። ሽማግሌው የሚመኙት ያችን አንዲት ማዕድ ነበር።

ተራቸው ሲደርስ ደግፌያቸው ገባሁ። ነርስ ስንዱ፣ በቅርቡ ትምህርቷን የጨረሰች ልጅ፣ ግራ ተጋባች። ባለፈው ክፉኛ ይንቀጠቀጥ የነበረው እጅ ዛሬ ረግቷል። ጉንፋን ይዟት ኖሮ ሽታውን አላወቀችም። ተሽሏቸዋል ብላ ለእጃቸው የሚወስዱትን መድኃኒት ልታስቀንስ ስትል አላስቻለኝም፤ አረቄ መቅመሳቸውን ነገርኳት። ኦቦ ኢተፋ ገላመጡኝ።

«ልጄ፣ ሐኪም ፊት እየተንቀጠቀጡ መቅረብ ነውር ነው» አሏት። «ትንሽ ስቀምስ ይረጋልኛል። እንዴት ነህ ሲሉኝም ደህና፣ እግዜር ይመስገን ማለት ነው የለመድኩት።»

«እሱ ለሰላምታ ነው አባባ» አለች ስንዱ ረጋ ብላ። «አንድ ቀን ቀምሰው፣ አንድ ቀን ሳይቀምሱ ከመጡ መድኃኒቱ ይርዳዎት አይርዳዎት በምን አውቃለሁ?»

«አይተሽ አትፈርጂም?»

«ዓይን ይሳሳታላ።»

ከዚያ መላዋን አስረዳችን። ብርጭቆ እስከ ተሰመረበት ምልክት ውሃ ይሞላል፤ ኦቦ ኢተፋ ወደ አፋቸው አድርሰው ሳይጠጡ ይመልሱታል፤ የቀረው ይታያል። ሁልጊዜ በዚያው ብርጭቆ፣ በዚያው ወንበር፣ በዚያው ሰዓት፣ አረቄ ሳይቀመስ። እሷና ድሬሰሩ፣ የክሊኒኩ ቁስል አጣቢ፣ ሳይነጋገሩ ለየብቻ ያዩታል፤ ከተስማሙ ልኩ ይታመናል።

«ውሃው ሲፈስ ልታዩኝ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«እዚህ እኛ ፊት ይፍሰስ አባባ፤ በሠርጉ ቀን እንዳይፈስ።»

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ቶሌ፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ፤ እሺ ማለታቸው ነው።

በማግስቱ ሳይቀምሱ መጡ። ከውሃው የሚበዛው ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ። ፊቴን አዞርኩ። ስንዱ ግን ሐኪሙን አማክራ መድኃኒቱን በልኩ አስጨመረች፤ በየቀጠሮው የሚፈሰው እያነሰ ሄደ።

ሕመሙን ሳይደብቅ በአንድ መለኪያ የሚያስለካ ሰው መድኃኒቱ አይበዛበትም፣ አያንሰውም፤ ሐኪሙም በግምት አይባክንም። ይህን ለማንም እመክራለሁ።

በሠርጉ ቀን ኦቦ ኢተፋ ከአማቾቻቸው ጋር ማዕድ ቀረቡ። ጠላውን ሲያነሱ ትንሽ ጠብ አለች፤ ሁሉም ወደ ጠብታዋ አየ። እሳቸው ግን ሳቁ።

«አትደንግጡ» አሉ አማቾቻቸውን። «ይህች ከድሮዋ ያነሰች ናት። አስለክቻታለሁ።»