ለብቅል የተመደበው ዘር

የተሳፈርኩበት ማኪና መካነ ብርሃን ከተማ ሳይደርስ ጎማው ፈነዳ። እስኪቀየር ድረስ ከመንገዱ በታች ወዳለ አውድማ ወረድኩ። አንድ ሽማግሌ ሁለት የገብስ ክምር ለያይተው ቆመዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ እናኑ ከትንሹ ክምር እያፈሱ ወደ ገበቴ ይገለብጣሉ፤ የውሃ እንስራ አጠገባቸው ነው።

ከሰላምታ በኋላ፣ “ምነው ለያያችሁት?” አልኩ።

ሽማግሌው፣ አያ የሻው፣ ትልቁን ክምር በመንሽ ነካ አደረጉ። “ይህ ወፍራሙ ከጓሮ፣ ከምንጩ ሥር ያጨድነው ነው፤ ለዘር። ያ ቀጫጫው ውሃ ከማይደርሰው ተረተር ላይ፣ ከደረቀው መሐል የተረፈ ነው፤ ለዝክሩ ጠላ ብቅል ይሆናል።”

“ተረተሩ ላይስ ምን ይዘራሉ?”

“የጓሮውን ነዋ! አባቴም እንዲሁ ነበር።” ድምፃቸው ወረደ። “ሁለት ዓመት ዝናቡ ቶሎ ወጣና ከዳኝ። መሬቴ የበዛው እዚያ ነው። ልጄ መልካሙ ቆላ ሳንጃ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዷል። ለከርሞም ካልያዘልኝ ታናሹ ይከተለዋል።”

ባህር ማዶ ሰባት ዓመት የተማርኩት ስለዚሁ ድርቅና ዘር ነበርና ዝም ማለት አቃተኝ።

“እናቴ፣ ውሃውን ትንሽ ያቆዩት። አያ የሻው፣ ተክል ውሃ ሲጠማው በውስጡ ልዩ ልዩ ፕሮቲን ይሠራል። ፕሮቲን ማለት በዓይን የማይታይ ሠራተኛ በሉት። አንዱ የደረቀው አካል እንዳይሰነጠቅ ይሸፍናል፤ ሌላው በጥሙ የተጣመሙትን ባልንጀሮቹን ያቃናል።”

“ገብስ ያስባል ልትለኝ ነው?”

“አያስብም፤ ከዘሩ ይወርሰዋል። ሁሉም ገብስ ይሠራዋል፤ ፈጥኖ አብዝቶ የሚሠራው ግን አንዳንዱ ነው።”

“ተው እንጂ! መናኛ ዘርቶ ሸጋ የሚያጭድ ማን ነው?”

“ያ የቀጨጨው ከጥም ነው እንጂ ከዘሩ አይደለም። የጓሮው የወፈረው ደግሞ ከፍግና ከምንጭ። ፍግ ይወረሳል?”

አያ የሻው መንሹን ክምሩ ላይ ሰኩ። “አንተ ራስህ ስንት ዓመት ዘርተህ አየኸው?” አሉ።

የፈራሁት ጥያቄ ነበር። “አልዘራሁም። ያየሁት በመስታወት ቤት፣ በሸክላ ውስጥ ነው። እዚህም ይይዛል ብዬ መማል አልችልም።”

“ሰባት ዓመት ተምሮ መማል አቃተው!” ብለው ወይዘሮ እናኑ ሳቁ።

አያ የሻው አልሳቁም። ከገበቴው አንድ ፍሬ አንስተው በጥርሳቸው ሰበሩ። “አምናም ከተረተሩ የተረፈውን ብቅል አደረግነው” አሉ ቀስ ብለው። “እናኑ፣ ጥሙን የቻለውን እኮ ስንጠጣው ኖረናል።”

ወይዘሮ እናኑ እንስራውን ከገበቴው አራቁት።

እኔም የማውቀውን ያህል ነገርኳቸው፦ የተረተሩ ዘር ለተረተሩ፣ የጓሮው ለጓሮው ለብቻ ይቀመጥ። በየአጨዳው ጥሙን ችሎ ከቆመው መሐል ፍሬው የሞላው ብቻ ይለቀም። የመጀመሪያው ዓመት የመሬቱ እኩሌታ ብቻ ይሞከር። ይህ በየዓመቱ ከተደገመ፣ ዝናብ ቶሎ ቢወጣም ለቤት የሚበቃ እህል ሊተርፍ፣ ልጅም ከቀዬው ላይሰደድ ይችላል።

ወይዘሮ እናኑ ገበቴውን ወደ ትንሹ ክምር መልሰው ገልብጠው ከወፍራሙ ክምር መሙላት ጀመሩ። “ዝክርተኛው ዘንድሮ ደላው” አሉ።

ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ስነሳ አያ የሻው እጄን ያዙኝ። “በጳጉሜ ና። የተረተሩ ገብስ ከቆመ ጠላ ትጠጣለህ፤ ካልቆመ ግን ከኔ ጋር እርፍ ትይዛለህ።”