ለብ ያለ ውሃና ያልተዋጠ ክኒን

(ደብረ ብርሃን፣ ቅዳሜ ረፋድ፤ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ሸዋንግዛው፣ ደም ብዛት ያለባትና ከትናንት ጀምሮ ራሷን የሚፈልጣት ሚስቱ ወርቅያንጥፉ ፊት ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቅርቦ በርከክ ብሏል።)

ወርቅያንጥፉ፦ እግሬን አልነክርም አልኩህ እኮ። ተነስ ከዚያ፣ ሰው ይመጣል።

ሸዋንግዛው፦ በሩን ቀርቅሬዋለሁ።

ወርቅያንጥፉ፦ በጠራራ ፀሐይ በር የሚቀረቅር ሰው ምን ይባላል?

ሸዋንግዛው፦ ሚስቱ የታመመችበት ይባላል። እግርሽን አምጪ።

ወርቅያንጥፉ፦ የሚያመኝ ራሴን ነው። አንተ የምትለምነው እግሬን።

ሸዋንግዛው፦ እግር ሲሞቅ ራስ ቀለል ይለዋል።

ወርቅያንጥፉ፦ ከመንገድ በገባህ ቁጥር እግርህን ሳጥብ የኖርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ተገልብጦ ሲመጣ ደስ አይለኝም።

ሸዋንግዛው፦ እንዲሻልሽ ነው እንጂ ደስ እንዲልሽ አይደለም።

ወርቅያንጥፉ፦ ያቃጥላል?

ሸዋንግዛው፦ በክርኔ ለክቼዋለሁ።

ወርቅያንጥፉ፦ ቀስ። እ።

ሸዋንግዛው፦ እ ማለት?

ወርቅያንጥፉ፦ እ ማለት እ ነው። ዝም በልና ትንሽ ሙቅ ጨምርበት።

ሸዋንግዛው፦ ራስሽስ?

ወርቅያንጥፉ፦ ለቀቅ እያደረገኝ ነው። አየህ፣ ክኒን ሳልውጥም ተሻለኝ።

ሸዋንግዛው፦ የቱን ክኒን ነው ያልዋጥሽው?

ወርቅያንጥፉ፦ ከአፌ አመለጠኝ።

ሸዋንግዛው፦ ከመቼ ጀምሮ?

ወርቅያንጥፉ፦ ከጥምቀት ወዲህ። አንዴ ከጀመሩት ዕድሜ ልክ ነው ሲሉኝ ፈራሁ።

ሸዋንግዛው፦ እኔንም አንዴ ጀምረሽኝ አርባ አንድ ዓመትሽ ነው።

ወርቅያንጥፉ፦ እሱን አይቼ እኮ ነው የፈራሁት።

ሸዋንግዛው፦ ወርቄ፣ ውሃው ሕመሙን ያስታግስ ይሆናል እንጂ የደም ግፊቱን አያወርደውም። ክኒኑን አይተካም።

ወርቅያንጥፉ፦ የውሃውን ሙቀት ታውቃለህ፣ የግፊቱን ነገር ታውቃለህ። ማን አስተማረህ?

ሸዋንግዛው፦ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ።

ወርቅያንጥፉ፦ ጤና ጣቢያ ምን ወሰደህ?

ሸዋንግዛው፦ እንዲያው ዝም ብዬ።

ወርቅያንጥፉ፦ ጤና ጣቢያ ዝም ብሎ አይኬድም። ሸዋንግዛው፣ ቀና ብለህ እየኝ።

ሸዋንግዛው፦ መናኸሪያው ጋ፣ ሻይ ቤቱ በር ላይ አዙሮኝ ወደቅሁ። ሲለኩኝ ግፊቴ መቶ ዘጠና ሆኖ ተገኘ።

ወርቅያንጥፉ፦ መቼ?

ሸዋንግዛው፦ ሁለት ወር አለፈው።

ወርቅያንጥፉ፦ ሁለት ወር ሙሉ ከጎኔ እየተኛህ?

ሸዋንግዛው፦ ላንድ ቤት ሁለት በሽተኛ ይበዛል ብዬ ነው። ጠዋት ጠዋት ጓሮ እወጣና ክኒኔን እውጣለሁ።

ወርቅያንጥፉ፦ እኔ ጎመኑን የምትኮተኩት ይመስለኝ ነበር።

ሸዋንግዛው፦ እሱንም እኮተኩታለሁ።

ወርቅያንጥፉ፦ ክኒኑ ምንም አላደረገህም?

ሸዋንግዛው፦ መጀመሪያ ሰሞን ሽንት አመላለሰኝ። አሁን መቶ ሠላሳ ገብቻለሁ።

ወርቅያንጥፉ፦ ያን ቀን እዚያው ቀርተህ ቢሆንስ? እኔ እዚህ ምሳ አቅርቤ ስጠብቅህ?

ሸዋንግዛው፦ የሚነግርሽ ሰው አይጠፋም ነበር።

ወርቅያንጥፉ፦ በል ፎጣውን አቀብለኝና ጫማዬን አምጣ። ጤና ጣቢያ ሄደን ክኒኑን እንደገና እጀምራለሁ። አንተን የሚቆጣ ሰው በሕይወት መኖር አለበት።