ታደለች ያቀያየረችው ገመድ

ዲላ እየሠራሁ ነው። ከባልደረባዬ ከታደለች ጋር ሁለት እኩል ሰርቨሮች ጎን ለጎን አቁመን፣ አንዱ ላይ ሊኑክስ፣ ሌላው ላይ ዊንዶውስ የተባሉትን የኮምፒውተር ሥርዓቶች ጭነን የኔትወርክ ፍጥነታቸውን እናወዳድራለን። የፈጠነው ለመሥሪያ ቤቱ ይመረጣል፤ እኔ ለሊኑክስ፣ እሷ ለዊንዶውስ ስንከራከር ከርመናል። ከኮረብታው የወረደው ጉም መስኮቱን ሸፍኖታል፤ የማራገቢያዎቹ ድምፅ እሹሩሩ የሚለኝ ይመስላል። የእኔ ሰርቨር ደጋግሞ ወደ ኋላ ቀረ። ፈዝዤ ቁጥሮቹን ሳይ ታደለች ተነሥታ የሁለቱን ሰርቨሮች የኔትወርክ ገመዶች አቀያየረች። ወዲያው የእኔ ተፈተለከ፣ የእሷ ተንቀራፈፈ። ለካ ጥፋቱ የገመዱ ኖሯል!

«እያሸነፍሽ አልነበር እንዴ?» አልኳት።

«ልዩነቱ በዛብኝ፤ አላመንኩትም» አለችና ደህና ገመድ ፍለጋ ወጣች።

እኔ ከሕልም እንደባነነ ሰው ደርቄ ቀረሁ። አሸናፊው እኔ ብሆን ኖሮ ያንን ገመድ አልነካውም ነበር።