የጥጃ ጎጆ

ሆዴ እየተነፋ ሲያስጨንቀኝ ከርሞ ጎንደር ብወጣ፣ ሐኪሙ አንጀቴን ቆርጦ አፉን በሆዴ በኩል እንደሚያወጣው፣ ሰገራዬም እስክሞት በዚያ እንደሚወርድ ነገረኝ። ቁስል አጣቢው ድሬሰር አሮጌ ነጠላ እንዴት ተጣጥፎ በቀዳዳው ላይ በመቀነት እንደሚታሰር አሳየኝና፣ «ሂድ፣ ቤትህን አሰናድተህ ና» አለኝ። እኔ ያሰናዳሁት ምን መሰላችሁ? ከወረታ በታች ካለው መንደሬ ገብቼ፣ ከጓሮዬ ጥግ አንድ ጎጆ ጀመርሁ። ሽታዬን ይዤ ብቻዬን የምኖርበት ነው። ለባለቤቴ ለብርቄ ስለ ሆዴ ነግሬያታለሁ፤ ስለ ጎጆው ግን ትንፍሽ አላልሁም። ደቦ የወጡት ሰዎች ሣር እያቀበሉ፣ «ይህን የመሰለ ጎጆ ለማን ነው?» ቢሉኝ፣ «ክረምት ውሃው ሜዳውን ሲሞላው ለጥጃ» አልሁ። ብርቄ ጠላ እየቀዳች ቀና ብላ አየችኝ። ሰዉ ሲበተን መደቡን ብቻዬን ሠራሁ፤ ተጋድሜም በልኬ መሆኑን አየሁ።

ሆዴ ተቀዶ፣ ቁስሉ ጠግጎ ስመለስ ወደ ቤት አልገባሁም፤ በአጥሩ ዞሬ ወደ ጎጆዬ ሄድሁ። በሩን ብከፍተው ሁለት ጥጆች ታስረውበታል፤ አንዱ መደቤ ላይ ተጋድሞ ያመሰኳል። ብርቄ ከኋላዬ ደረሰች።

«ምነው ብርቄ?» አልኋት።

«የጥጃ ነው ብለው የለ? ጥጃ ገባበት። የእርስዎ ጨርቅ ታጥቦ ከቤት ተቀምጧል፤ ይግቡ» ብላኝ ቀድማኝ ገባች።

ተከተልኋት። ከደጄ ስደርስ ግን መቀነቴን በእጄ ጫን አድርጌ፣ ከገዛ ቤቴ በር ላይ እንደ መንገደኛ ቆሜ፣ «ቤቶች!» ብዬ ተጣራሁ።