የዓሣ ዘመድ ቆጣሪዋ እናትነሽ

አባቶቼ ካህናት፣ እማማ ሀብትነሽ፣ የቡሬ ሰው፣ ከጨረቻ ወንዝ ዳር በእግራችሁ የመጣችሁ ወገኖቼ፣ እግዜር ያጥናን። ዘመኑ እባላለሁ። ከእናትነሽ ጋር ዓሣ ስናጠና የከረምን ባልደረባዋ ነኝ። ቁምና ተናገር ተባልኩ። ምን ልናገር? ረቡዕ ፍኖተ ሰላም አብረን ምሳ የበላን ልጅ ናት እኮ!

ሐሙስ ናሙና ልትወስድ ወረደች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ዝናቡ የጣለው ከላይ፣ በሰከላ በኩል ነው። ቦርሳዋን ከነስልኳ ከዳር አስቀምጣ መሻገር ጀመረች። ደራሽ ውኃ መጣ። አለቀ። እንዲህ ይሆናል? ወንዙን እንደ ደጇ የምታውቅ ልጅ! እናንተ የጨረቻ ሰዎች ዋኝታችሁ፣ ፈልጋችሁ፣ ትናንት አገኛችኋት። እኔ ግን አሁንም አላምንም።

አያ ቸኮለ፣ ያስታውሳሉ? በ2004 ክረምት ነው፤ መጀመሪያ የወረድን ዕለት። ዓሣውን አጥምደን፣ ከክንፉ ጫፍ ቅንጣት ቆርጠን አልኮል ባለበት ጠርሙስ እየከተትን፣ ዓሣውን መልሰን እንለቃለን። እርስዎ አንዱን ጠርሙስ ከፍተው አሸተቱ። «አንቺ ልጅ፣ ይህን የመሰለ አረቄ ለዓሣ ታጠጫለሽ?» አሏት። «አያ፣ ይቺን ከቀመሱማ ዓይንዎ ይጠፋል!» ብላ ነጠቀችዎ። ወንዙ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው እርሷ ነበረች።

ከዚያ ጥያቄዋ መጣ። እናንተ ከንፈሮ የምትሏት፣ ያቺ ወፍራም ከንፈር ያላት ዓሣ፣ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዘር ናት ወይስ ሌላ? «ዓሣ ያው ዓሣ ነው» አላችሁ። እርሷ ምን አለች? «አያ ቸኮለ፣ ልጅዎን ሲድሩ ዘመድ ያስቆጥሩ የለም?»

«እንዴታ! እስከ ሰባት ቤት!»

«እኔም የዓሣ ዘመድ እየቆጠርኩ ነው። መልኳን ብቻ አይቼ አልፈርድም። በዚች ቅንጣት ሥጋ ውስጥ የአያት የቅድመ አያቷ ሐረግ አለ። ከሌሎቹ ዓሦች ጋር የማትጋባ ከሆነች፣ ከጠፋች ምትክ የላትም።»

ያን ቀን ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ሰማችኋት። እኔ ስለ ዘረመል በስንት ስብሰባ ተናግሬ ሰው ያንቀላፋል እንጂ እንደዚያ ጠጋ ብሎ አይሰማኝም።

ብርብራ የምትጠላው ለዚህ ነበር። ክረምት ሲገባ ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል ሽቅብ ይወጣል። የብርብራው ፍሬ ተወቅጦ፣ ዓሣ እንዲያሰክር ወንዝ የሚበተነው ያን ጊዜ ነው። ሰክሮ የተንሳፈፈውን ትልቁን ትለቅማላችሁ፤ ጫጩቱ ያልቃል። ስንት ጊዜ ለመነቻችሁ! «ልጆቻችን ምን ይብሉ?» አላችኋት። እውነታችሁን ነው። «መረብ አመጣላችኋለሁ፤ የሚጥልበትን ሰሞን ብቻ ተዉልኝ» አለች። እሺም እንቢም አላላችኋትም። ዘንድሮም ብርብራው ተለቅሞ እንደነበር ታውቅ ነበር። ሐሙስ የወረደችውም ተጨንቃ ነው።

ዛሬ ጠዋት የላቦራቶሪው ውጤት ደረሰኝ። ከንፈሮ ራሷን የቻለች ዘር ናት። ካየናቸው ወንዞች ሁሉ የተገኘችው በጨረቻ ብቻ ነው። እኔ ምን አደረግሁ? ስልኬን አነሣሁና ለእናትነሽ ደወልኩ! እንዲህ ያደርጋል ሰው? ደስታው አስረሳኝ። ጠራ። ተነሣ። እናቷ፣ እማማ ሀብትነሽ ነበሩ። «ውጤቱ መጣ!» ካልኩ በኋላ ነው ያወቅኋቸው። «ለእኔ ንገረኝ» አሉ። ነገርኳቸው። «እኔም ያለችኝ እሷው ብቻ ነበረች» አሉ።

አሁን፣ አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ፣ አያ ቸኮለ እጄን ያዙኝ። «የወቀጥነውን ብርብራ ትናንት ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። ቀሪውንም አቃጠልነው» አሉኝ።

እናትነሽ፣ እኅቴ፣ ይህን ስሚኝ። ውጤቱን ገና አልነገርኳቸውም ነበር። ላቦራቶሪውን አልጠበቁም። ያመኑት አንቺን ነው። ደኅና ሁኚ።