ለአራስ የተያዘች ዶሮ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ያቀፏትን ዶሮ ከመዳፋቸው በቆሎ ያስለቅሟታል። አጠገባቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ።

«ሊሸጧት ነው እማማ?»

«ኧረ ለልጄ ነው። በሰላም ተገላገለችልኝ።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት!»

«አሜን፣ እደግ ልጄ።»

ተማሪው በቆሎ የምትለቅመውን ዶሮ እያየ፣ «እኛም ትምህርት ቤት የምንማረው ስለዚህ ነው፤ የተበላ ምግብ ወዴት እንደሚሄድ። ዶሮ ከምትበላው አብዛኛው ለሙቀቷና ለመሯሯጧ ያልቃል። ሥጋ የሚሆነው ትንሹ ነው።»

«ትንሹ ብቻ?»

«አዎ። ሥጋዋን ልጅዎ ስትበላው ደግሞ ብዙው ለራሷ ጉልበት ይሄዳል። ለሕፃኑ ወተት የሚሆነው የዚያ ትንሹ ነው።»

«ውይ! ይቺ እኮ ከጫጩትነቷ ጀምሮ ስንት በቆሎ ፈጅታለች።»

«ለዚህ እኮ ነው፣ በቆሎውን ራሱን ቢወስዱላት ብዙ ያጠግባት ነበር።»

«አራስ በጥሬ በቆሎ ልጠይቅ? አገር ምን ይለኛል!»

ሁለቱም ሳቁ። ሴትዮዋ እንደገና ጠየቁት።

«እናቴ እኔን ስትወልድ ዶሮ ይዞ የሚጠይቃት አልነበራትም አሉ። በደረቅ ቂጣ ነው አጥብታ ያሳደገችኝ። ታዲያ ወተቱ ከየት መጣ?»

«የጎደለውን ሰውነቷ ከራሷ ሥጋ እየቀነሰ ነዋ የሰጠዎት።»

«ለካ ለዚህ ነው እንደዚያ የከሳችው! እኔ እኮ ተፈጥሮዋ ይመስለኝ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ እናቴን የማመሰግንበትን ነገርኸኝ።»

እግሬ ሥር የወደቀችውን አንዲት የበቆሎ ፍሬ አንስቼ መዳፋቸው ላይ መለስኩላቸው።