ለአህያ ዋስ

በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ አንድ የሐምሌ ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ኮልፌ አቶ መገርሳ ወፍጮ ቤት ውስጥ ዱቄት የለበሰው ስልክ ጮኸ። አቶ መገርሳ እጃቸውን በኮታቸው ጠርገው አነሱት።

— ሄሎ... ሄሎ! ማን ልበል?... ማን?... ቆይ አንዴ። ዙሀራ፣ እስቲ ያንን ማብሪያ ዝቅ አድርጊው፤ ወፍጮው ጆሮዬን ደፈነው!

ወፍጮው እያቃሰተ ቆመ። ገብስ ልታስፈጭ የመጣችው ዙሀራም ወረፋዋን ረስታ ወደ ስልኩ ተጠጋች።

— አሁን ሰማሁህ። ወንድሙ? የሻማ ፋብሪካው ዘበኛ?... ምን ሆንክ?... አህያ?... የማን አህያ?... የሀያቱ፣ የእንጨት ነጋዴው። እሺ... በሩን ገፍቶ ጣለው? ያንን የብረት በር?... በሥራ አስኪያጁ በፈረንጁ መኪና ላይ! በስመ አብ! ሰው ተጎዳ?... ተመስገን። አህያውስ?... ሣር እየጋጠ ነው። እሱማ ምን አለበት።

አቶ መገርሳ በርጩማውን በእግራቸው ስበው ተቀመጡ። የሰው ችግር ቆመው አይሰሙም።

— በል ቀጥል... ፈረንጁ ወረቀት ሰጠህ። በእንግሊዝኛ። እስከ አሥር ሰዓት ካልተሞላስ?... «ሰበቡ ዘበኛው ነው» ተብሎ ይጻፋል... ትባረራለህ! በዘጠኝ ዓመትህ?... አይዞህ፣ አታልቅስ። ገና ጊዜ አለን።

እንግሊዝኛን ያስተማራቸው የለም። ከአንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት ጋር አሥራ አንድ ዓመት ተፋጠው ነው የለመዱት። የመድኃኒት ወረቀት የተሰጠው፣ ከውጭ ደብዳቤ የመጣለት የሰፈር ሰው ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነበር የሚሮጠው።

— የጥያቄውን ቃል ፊደል በፊደል ንገረኝ... ሲ... ኤ... ዩ... ኤስ... ኢ። ቆይ ልግለጠው... ወይ ጉድ! ይቺ አይጥ የ«ሲ»ን ገጾች በልታቸዋለች። ድመት የተጻፈባት ገጽ እንኳ አልቀረችም... አትደንግጥ፣ ቃሉን አውቀዋለሁ። ኮዝ ነው። አንድን ነገር ያስከተለ፣ ሰበብ የሆነ ማለት ነው። እንግዲህ «አህያው ኮዝ አደረገው» ብለህ ጻፍ... አይሆንም? ማን አለ?... ጸሐፊው ጌታቸው። የጥያቄውን ቃል መልሶ መጻፍ ክልክል ነው?... እሺ፣ ሌላ እንፈልግ። እንግሊዝ በቃል አይታማም።

ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ገለጡ።

— «ፕሮድዩስ»... እሱ ማምረት ነው፤ ለዶሮና ለፋብሪካ ይሆናል። አህያው በር አመረተ ልንል ነው? «ፕሮቮክ»... መተንኮስ። አህያው በሩን ተንኩሶታል?... እ?... በሩ ነው ቀድሞ የጮኸበት? ተው ወንድሙ፣ አሁን በሩን አትክሰስ። «ክሪኤት»ን ደግሞ በቃሌ አውቀዋለሁ... አይ፣ እሱ መፍጠር ነው። የፈጣሪን ሥራ ለአህያ አንሰጥም... ምን አለ ሀያቱ?... «አህያዬ ይህን ያህል አልደፈረም»? መቼም ልክ ነው። ቆይ... «ሜክ»! ተራ ቃል ናት፣ እቤት እንደሚለበስ ነጠላ፤ ለሁሉም ትሆናለች። ጻፍ፦ «ዘ ዶንኪ ሜድ ዘ ጌት ፎል»። አህያው በሩን እንዲወድቅ አደረገው ነው... ጌታቸው ወደዳት? እሰይ!

ዙሀራ አጨበጨበች። አቶ መገርሳ ግን ስልኩን ከጆሯቸው አላራቁም።

— ደግሞ ምን ቀረ?... ከታች «ሰበብ የሆነው ይፈርም» ይላል? ሀያቱ ይፈርማ!... እምቢ? «እኔ እንጨት እየፈለጥኩ ነበር፤ ከፈረምኩ ሰበቡ እኔ ልሆን ነው»... ነገሩስ እውነቱን ነው። ጌታቸው ምን ይላል?... መጻፍ የማይችል በአሻራ ይፈርማል። እና አህያው በኮቴው?... ቀለሙን አስነከራችሁት?... ፈረመ! ቀጥ ብሎ ቆሞ? ከስንቱ ባለጉዳይ ይሻላል።

— ዋስ?... የፈረመ ሁሉ ዋስ ይጠራል፤ ደንብ ነው። እኔም ይቺን ስልክ ሳስገባ ጠርቻለሁ። ሀያቱስ?... የተበተነ እንጨቱን እየለቀመ «ፊርማ የሚባል አታሰሙኝ» አለ። ዙሀራ፣ አትሳቂ፤ የሰው እንጀራ ነው!... ስማኝ ወንድሙ፣ እኔ እሆናለሁ... አዎ፣ ለአህያው። ለሰው ዋስ ሆኜ ሦስቱ ጠፍተውብኛል፤ አህያ የት ይሄዳል? ስሜን ያስይዘው፤ ከአሥር ሰዓት በፊት መጥቼ እፈርማለሁ።

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?... ጌታቸው የአንተን ፋይል አወጣ? እና?... የአንተ ዋስ ሞቷል! መቼ?... አራት ዓመቱ! ያለ ዋስ ነው በር ስትጠብቅ የኖርከው?... እና ዛሬውኑ ካልተተካ ትሰናበታለህ። የአህያው ወረቀት ተሟልቶ የአንተ ጎደለ ማለት ነው... እኔ ለሁለታችሁም እሆናለሁ በለው... አንድ ሰው ለአንድ ብቻ? ወይ ደንብ! በል ሀያቱን ስጠኝ።

— ሀያቱ፣ እንዴት ዋልክ? እንጨቱ ተለቀመ?... አልሐምዱሊላህ። እስቲ ለወንድሙ ዋስ ሁነው... አታውቀውም? በየቀኑ በሩ ላይ ታየው የለም እንዴ?... ማየት ሌላ፣ ማወቅ ሌላ። አህያውንስ ታውቀዋለህ?... ከውርንጭላነቱ! እንግዲያው አህያውን አንተ ያዝልኝ... ዋስ ሰበብ አይደለም ወንድሜ፤ ሲጠሩት ይዘኸው መቅረብ ብቻ ነው። አህያህ ያለ አንተ የት ሄዶ ያውቃል?... ወላሂ?... ጎሽ! ወንድሙን መልስልኝ።

— ወንድሙ፣ ሀያቱ አህያውን ተረከበ። እኔ ነጻ ነኝ... አዎ... ገብቶኛል፤ ለአንተ።

አቶ መገርሳ ለአህያው ዓይናቸውን አላሹም ነበር። አሁን ግን የስልኩን ገመድ በጣታቸው ይጠመዝዙ ጀመር። ዙሀራም መሳቋን ተወች።

— አለሁ፣ አለሁ። መስመሩ አይደለም፤ እያሰብኩ ነው... አትማል። እነዚያም ምለውልኝ ነበር። ለመጨረሻው ሰውዬ ስል ዘጠኝ ቀን ፖሊስ ጣቢያ ተቀምጫለሁ... እ?... ድገመው እስቲ... «እውነትዎን ነው፤ እኔም ብሆን ከእኔ ይልቅ አህያውን አምን ነበር»።

ከበርጩማው ተነሱ።

— ከጠፉት ከሦስቱ አንዱም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም... ዙሀራ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?... ለአሥር ሩብ ጉዳይ። ለጌታቸው «መገርሳ እየሮጠ ነው» በለው፤ መዝገቡን እንዳይዘጋ... እግዜር ይስጥልኝ አትበለኝ፤ አትጥፋ ብቻ። ዘጋሁት።